የሰንበት ተማሪዎችንና የጀመዓ ወጣቶችን ለኤች አይ ቪ ሥራ ማሰለፍ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አስተባባሪዎች

ኅዳር 22 የዓለም ኤድስ ቀን ነው። በዚያ ሰሞን ደሴ ላይ ወጣት ማሰባሰብ ቀላል ነው። ቲሸርት ይታተማል፣ ሻማ ይበራል፣ መዘምራንም መንዙማ ባዮችም ይጋበዛሉ፣ አንድ ባለሙያ መጥቶ ያስተምራል። በሳምንቱ ስብሰባ ሲጠራ ግማሹ ይቀራል። ወር ሳይሞላ አስተባባሪው ብቻውን ቁጭ ይላል። "የዛሬ ወጣት ፍላጎት የለውም" ይባልና ነገሩ ያበቃል።

ፍላጎትስ አለው። የሚሠራው ሥራ ነው ያልተሰጠው። ትምህርት አዳምጦ ወደ ቤቱ የሄደ ወጣት ለምን ተመልሶ ይመጣል? የእምነት ወጣት ሌላው የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል። የፈራ ሰው ያምነዋል። ሰውን እስከ ምርመራ ክፍል በር ይሸኛል፣ መድኃኒት የጀመረው እንዳያቋርጥ ከጎኑ ይሆናል። ይህ መመሪያ በዚህ ሥራ ላይ ብቻ ያተኩራል።

ጊዜውም ያስገድዳል። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ካቆመ በኋላ በአገራችን በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። ቀጠሮ ያለፈበትን ሰው ደውሎ የሚፈልግ እጅ ሲያንስ፣ እዚያው ሰፈር የሚኖር ወጣት ትልቅ ዋጋ አለው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ የምታውቁት ባለሙያ ያዙ። "ጤና ጣቢያ ሂዱ" ብሎ መላክ አይበቃም። በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ኃላፊ ጋ ግቡና "ሰው ስናመጣ የሚቀበለን አንድ ሰው መድቡልን" በሉ። ከምርመራ ወይም ከኤአርቲ (የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሚሰጥበት) ክፍል ነርስ ብትሆን ይመረጣል። ስልኩን የሚያነሳ ይሁን። ይህ ሰው ሳይገኝ ወደ ደረጃ 1 አትለፉ።

ምልክት የሌለው ቦታ ፈልጉ። በሩ ላይ ባነር የተሰቀለበት ክፍል ማንም አይገባበትም። የሰንበት ትምህርት ቤቱ የመዝሙር ክፍል፣ የመድረሳው አንድ ክፍል፣ ወይም የቅሬው (የዕድሩ) ዕቃ ቤት ይበቃል።

ሁለት አስተባባሪ ምረጡ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ወጣት ሴት ጉዳይዋን ለወንድ አስተባባሪ አትነግርም። ብትነግርም ግማሹን ነው።

ትንሽ ገንዘብ አሰባስቡ። ለባጃጅ፣ ለታክሲና ለስልክ ካርድ። ፕሮጀክት እስኪመጣ አትጠብቁ። አሥር ሰው በወር ጥቂት ብር ቢያዋጣ ይበቃል። አበል ግን አትክፈሉ። አበል የለመደ ቡድን አበሉ የቆመ ዕለት ይፈርሳል።

## ደረጃ 1፦ ቡድኑን ትንሽ አድርጉት

ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 29 ቢሆን ጥሩ ነው። ከመድረክ ላይ "ፈቃደኛ የሆናችሁ ተመዝገቡ" ብላችሁ አትጥሩ፤ በጥሪ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ንግግር የሚወድ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ሰው ገበናውን የሚነግረውን ወጣት ነው። በየጉባኤውና በየጀመዓው እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ድምፁ አይሰማም፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ግን መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ነው። ለየብቻ አነጋግሯቸው።

ግማሹ ሴቶች ይሁኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ ማንንም አባል "አንተስ ተመርምረሃል? ውጤትህ ምንድን ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። ከመካከላችሁ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል፤ መናገር አለመናገር የራሱ ጉዳይ ነው። በፈቃዱ ከነገራችሁም ወደ መድረክ አታውጡት። አንድ ወጣት በስብሰባ ላይ ምስክርነት ሰጥቶ በነጋታው አከራዩ ቤቱን እንዲለቅ ሲነግረው አብሮት የሚቆም የለም።

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ቡድን ይሁኑ ወይስ ሁለት? ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሁለቱም እምነት ስላለ አንድ ላይ መጀመር ያጓጓል። እኔ ግን ሁለት ቡድን፣ አንድ ነርስ እላለሁ። እያንዳንዱ በራሱ ቤት፣ በራሱ አባት ወይም በራሱ ሼህ ፈቃድ ይጀምር። በወር አንዴ ሁለቱ ይገናኙ። የመገናኘቱ ጥቅም ቶሎ ይታያል፤ አንዳንድ የሰንበት ተማሪ በሰፈሩ ደብር ከሚታወቅ ይልቅ በሙስሊም ጓደኛው መሸኘትን ይመርጣል። የጀመዓው ልጅም እንደዚያው።

## ደረጃ 2፦ ፈቃድ፣ በቅደም ተከተሉ

አብዛኛው ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ ሰበካ ጉባኤው ወይም የመስጊዱ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ኮሚቴው ስለ ኤች አይ ቪ ሲሰማ ስለ ኮንዶም ያስባል፤ "እንወያይበት" ይላል፤ ውይይቱ አይመጣም።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጉ።

1. መጀመሪያ ወጣቱ የሚወደውን አንድ ካህን፣ ኡስታዝ ወይም አገልጋይ ቤቱ ሄዳችሁ አነጋግሩ። ደብዳቤ አትያዙ።
2. ምክር ጠይቁ። "አባ፣ ከእኛ መካከል መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ሰው እንዳያውቅባቸው ብለው ከጉባኤው እየራቁ ነው። ምን እናድርግ?" በመስጊድም እንዲሁ፦ "ሼኽዬ፣ ልጆቻችን ብቻቸውን እየታመሙ ነው፤ ምከሩን።" ምክር የተጠየቀ አባት ከእናንተ ጋር መፍትሔ ይፈልጋል። ፈቃድ የተጠየቀ ግን መጀመሪያ የሚያስበው ስለሚመጣበት ወቀሳ ነው።
3. እሱ ራሱ ለኮሚቴው እንዲያነሣው አድርጉ። እናንተ ተጠርታችሁ ግቡ።
4. ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ይጻፍ። አጭር ይሁን፤ የሚሠራውን ብቻ ይዘርዝር፦ መሸኘት፣ መጠየቅ፣ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ማገዝ።

የኮንዶም ጥያቄ ሲነሣ። ይነሣል። መልሳችሁን ቀድማችሁ ተስማሙበት። ለምሳሌ፦ "በግቢው ውስጥ የምንናገረው ሃይማኖታችን የሚያስተምረውን ነው፤ መታቀብን፣ መታመንን። ጤና ጣቢያ ለሰው የሚሰጠውን ምክር ግን አንከለክልም፣ አናጣጥልም።" ብዙ አባቶች በዚህ ይስማማሉ። አንድ መስመር ግን አትለፉ። "ኮንዶም አይከላከልም" ብላችሁ አትናገሩ፤ ሲነገርም ዝም አትበሉ። ሐሰት ነው። በትክክል ከተጠቀሙበት ይከላከላል። አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ ሌላው የሌለበት ባለትዳር ይህን ውሸት ሰምቶ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ስለ ኃጢአት ሲነገር። ከሰባኪው ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የተወለደ ልጅ እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ከባሏ በቀር ወንድ የማታውቅ ሴት እዚያው ነጠላዋን ተከናንባ ቆማለች። "ቅጣት ነው" የሚለው ቃል የሚመታው እነሱን ነው። ይህን በእርጋታ የተነገረው አብዛኛው አባት ይረዳል።

እምቢ ካሉስ? አትከራከሩ፣ አታኩርፉ። ያነሰ ነገር ለምኑ። ከስብከት ወይም ከኹጥባ በኋላ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ እንዲናገሩ፦ "መድኃኒት የምትወስዱ ልጆቻችን፣ እንዳታቋርጡ።" ይህች ብቻ ብትነገር ትልቅ ነገር ነው። እስከዚያ በቅሬ ወይም በጽዋ ማኅበር በኩል ጀምሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ሽማግሌ ይዛችሁ ተመለሱ።

## ደረጃ 3፦ ምስጢር መጠበቅን ተለማመዱ

ደሴ ከቧንቧ ውሃ እስከ ሰኞ ገበያ ሰው ይተዋወቃል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው በሰፈሩ ያለውን ጤና ጣቢያ ትቶ ኮምቦልቻ ወይም ሐይቅ ሄዶ መድኃኒት የሚወስደው። ከቡድናችሁ አንድ ቃል ከወጣ ሥራው አለቀ፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ስለዚህ ሌላ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በዚህ ላይ ሁለት ሙሉ ስብሰባ አውሉ።

ምስጢር የሚወጣው በክፋት ብቻ አይደለም። እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት ስትጠይቅ መልስ ስለሚጠፋ ነው። ስለዚህ መልሱን በአፍ ተለማመዱት። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አድርጉ። አንዷ እንደ አክስት ትቀመጥ።

"ያቺ የእነ እትዬ ልጅ ትናንት ከአንቺ ጋር ጤና ጣቢያ ነበረች አሉ። ምን ሆና ነው?"

ሌላዋ ሳትዋሽ፣ ሳትደነግጥ፣ ፍንጭም ሳትሰጥ ትመልስ። "ምንም አልሆነችም" ማለት ውሸት ሊሆን ይችላል። "አልነግርሽም" ማለት ደግሞ ነገር እንዳለ ይናገራል። የሚሠራው እንዲህ ያለው ነው፦ "አክስቴ፣ ጤና ጣቢያ እኮ ሁሌ ነኝ፤ ስንቱን አገኛለሁ። ይልቅ ያ የእግርሽ ነገር እንዴት ሆነ?" ሁሉም አባል ተራው ይድረሰው። አክስቲቱ ደግማ ደጋግማ ትጠይቅ፣ ትቆጣ፣ ታባብል። ፊት ላይ የሚታየውን ድንጋጤም አርሙ፤ ቃሉ ትክክል ሆኖ ዓይን ከሸሸ አክስት ትረዳዋለች።

ቀጥሎ እነዚህን ሕጎች ተማማሉ።

- ስም የሚጻፍበት መዝገብ አይኑር። የሚጻፈው ቁጥር ብቻ ነው፦ "በዚህ ወር የተሸኙ፦ 6።"
- የቴሌግራም ግሩፑ ለስብሰባ ቀጠሮ ብቻ ይሁን። የሰው ጉዳይ በጽሑፍም በድምፅም አይላክበት። ስልክ ይሰረቃል፣ ታናሽ ወንድም ይከፍተዋል።
- ለትዳር ጓደኛ፣ ለንስሐ አባት፣ ለአስተባባሪም ቢሆን የሰው ስም አይነገርም። አስተባባሪው ማወቅ ካለበት ባለቤቱ ይፍቀድ።
- መንገድ ላይ የሸኛችሁትን ሰው ብታዩ ቀድማችሁ ሰላም አትበሉ። እሱ ይጀምር።

ምስጢር ከወጣ። በዚያው ቀን ሁለቱ አስተባባሪዎች ጉዳዩ የሚመለከተውን ሰው ይቅርታ ይጠይቁ፤ እነማን እንደሰሙ ይንገሩት። ያወጣው አባል ከሽኝት ሥራ ይውጣ። ልጁ ጥሩ ልጅ ቢሆንም፣ የካህን ልጅ ቢሆንም። በዚህ ላይ ምሕረት ካደረጋችሁ ሌላው ሰው አያምናችሁም።

## ደረጃ 4፦ በቃል የሚታወቁ ነገሮች

ነርሷን ጋብዙና ሁለት ቅዳሜ ተማሩ። ከዚያ እርስ በርስ ተጠያየቁ። ቢያንስ እነዚህን ማንም አባል ሳያመነታ ይመልስ።

- አዲስ የተያዘ ሰው ወዲያው ቢመረመር ላይታይበት ይችላል። ከተጋለጠ 3 ወር ሲሞላው ደግሞ መመርመር አለበት።
- የተደፈረች ወይም ለቫይረሱ የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ከደረሰ መከላከያ መድኃኒት ይጀምራል፤ ለ28 ቀን ይወስዳል። በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፤ እስኪነጋ አይጠበቅም።
- መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው። ነጻ መስጠት የተጀመረው በ1997 ነው።
- ዛሬ ብዙው ሰው የሚወስደው በቀን አንዴ፣ አንድ ኪኒን ነው። ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ የያዘ፤ ከነሱ አንዱ ዶሉቴግራቪር ይባላል።
- መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ይህን የሚያሳየው ቫይራል ሎድ የሚባለው ምርመራ ነው። መድኃኒት በተጀመረ በ6 ወር፣ በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ ይታያል።
- ነፍሰ ጡር እናት ሳትታከም ከቀረች ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 ወደሚሆኑት ሊተላለፍ ይችላል። ከታከመች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል።
- 15 ዓመት የሞላው ሰው ያለ ወላጅ ፈቃድ በራሱ ፈቃድ መመርመር ይችላል።

የማታውቁትን ከራሳችሁ አትመልሱ። "ይህን ለነርሷ እንጠይቃት" በሉና ደውሉ። መልሱን ባለቤቱ በራሱ ጆሮ ይስማ።

## ደረጃ 5፦ ወደ ምርመራ መሸኘት

በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ግቢ ድንኳን ተክላችሁ አታስመርምሩ። ቁጥሩ ያምራል፣ ፎቶውም ያምራል። ግን ከድንኳኑ የወጣው ሰው ፊቱ ይነበባል። ቆይቶ የወጣውን "ለምን ቆየ?" ይሉታል። ይልቅ አንድ በአንድ ሸኙ።

1. ቀኑንና ሰዓቱን ሰውዬው ይምረጥ። ገበያ ቀን የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ይረዝማል፤ ሌላ ቀን ብትመክሩት ይሻላል።
2. ለነርሷ ስም ሳትጠሩ ደውሉ። "ነገ 3 ሰዓት ላይ አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ።"
3. በር ላይ ተቀጣጠሩ፤ ከሰፈር አብራችሁ አትውጡ።
4. ምርመራ ክፍል አብራችሁ አትግቡ፤ እሱ ራሱ "ግባልኝ" ካላለ በቀር። ውጭ ጠብቁ።
5. ሲወጣ ውጤቱን አትጠይቁ። "ሻይ እንጠጣ?" በሉት። መናገር ከፈለገ እዚያ ይናገራል።

ጤና ጣቢያ መታየት የሚፈራ ካለ ከድድ ናሙና የሚወሰድበት የራስ መመርመሪያ ኪት መኖሩን ነርሷን ጠይቁ። በኪቱ ፖዘቲቭ የመጣ ውጤት ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጤና ተቋም መደገም አለበት።

የጋብቻ ምርመራ። ሊጋቡ ያሉ ጥንዶች ካህኑ ወይም ኒካሕ የሚያስሩት ሼህ ፊት ወረቀት ይዘው እንዲቀርቡ በብዙ ቦታ ይጠየቃል። ከአባቶቹ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ነገር አስተካክሉ፦ ጥንዶቹ አብረው ይመርመሩ፣ ውጤቱን እነሱ ይወቁ፣ ወረቀቱ ግን በኮሚቴ እጅ አይዙር። አንዱ ፖዘቲቭ ሆኖ ሌላው ልጋባ ካለ በሕክምና ዛሬ የሚቻል ነገር ነው። ከመወሰናቸው በፊት ነርሷን ያግኙ።

"ሜዲካል ወደቅኩ" ያለች ልጅ። ይህ በእኛ አካባቢ ብዙ ነው። ዓረብ አገር ልትሄድ ኤጀንሲ የላካት ክሊኒክ ትመረመራለች። "አልፈሽም" ይሏታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱን በቅጡ የሚያስረዳት የለም። የጉበት ቫይረስ፣ ቲቢ ወይም እርግዝናም ሊሆን ስለሚችል እናንተም አትገምቱ። ቤተሰብ ለጉዞው ተበድሯል፣ እሷ ደግሞ ወደ ቤት መመለስ አፍራለች። በዚያው ሳምንት ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ሸኟትና ከመጀመሪያው ትመርመር። ብቻዋን አትደር፤ አንዲት የቡድኑ ሴት አብራት ትሁን።

## ደረጃ 6፦ ውጤቱ ፖዘቲቭ ሲሆን

የመጀመሪያው ምሽት ከሁሉም ይከብዳል። ጥቅስ አትደርድሩ፣ ሐዲስ አትጥቀሱ። ቁጭ በሉ። ካለቀሰ ይልቀስ። "አብሽር፣ አለሁ" ይበቃል። ለማን ይነግር እንደሆነ በዚያች ሌሊት እንዳይወስን ምከሩት፤ በድንጋጤ የተነገረ ነገር አይመለስም።

"ራሴን አጠፋለሁ" ካለ፣ በምሳሌም ቢሆን፣ አትለዩት። ወዲያው ነርሷ ጋ ደውሉ፣ ሆስፒታል ውሰዱት። እዚህ ላይ ምስጢር ከሕይወት አይበልጥም።

መድኃኒት በዚያው ቀን መጀመር ይቻላል። ካልተዘጋጀ በሳምንት ውስጥ አብራችሁ ተመለሱ። ሳምንቱ ካለፈ ሰው ይሸሻል።

## ደረጃ 7፦ ኪኒን፣ ጸበል፣ ጾም

መድኃኒት በእምነት ስምም ይቋረጣል። ስለዚህ የእናንተ ዋና ሥራ እዚህ ነው። ሐኪሙ "አታቋርጪ" ሲላት የማትሰማው ልጅ ከእናንተ ትሰማለች።

ጸበል ልትገባ ስትል። አትከልክሏት። "ግቢ፤ ኪኒኑንም ያዢ" በሏት። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ተናግረዋል፤ ይህን ንገሯት። ጸበሉ ቦታ ላይ "እምነትሽ ጎድሏል፣ ጣይው" የሚል አይጠፋም። ያን ጊዜ እንድትደውልላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ። ከምትቆይበት ቀን በላይ ሁለት ሳምንት የሚበቃ መድኃኒት ይኑራት፤ ውኃ በማያገኘው ዕቃ ይቀመጥ።

"ተፈውሻለሁ" ካለች። አትከራከሯት፣ አትሳለቁ። "እግዚአብሔር ይመስገን። በይ ቫይራል ሎድ እንየውና ሐኪሙ ይንገረን፤ እስከዚያ አታቋርጪ" በሏት። መድኃኒቱ ጥሩ ሲሠራ ቫይረሱ በምርመራ አይታይም፤ ይህ ማለት ግን ከሰውነት ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሲቋረጥ ይመለሳል። ዱዓ ተደርጎለት፣ ተጸልዮለት "ዳንኩ" ላለም መልሱ አንድ ነው።

ረመዳን። ኪኒኑ በቀን አንዴ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ አንድ ሰዓት ቆርጦ መውሰድ ይቻላል። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። የሰዓት ለውጡን ረመዳን ሳይገባ ከኤአርቲ ክፍሉ ጋር ይነጋገርበት።

ጾምና ቁርባን። በዓቢይ ጾም ማታ የሚወስድ ሰው ችግር የለበትም። የሚቸገረው የሚቆርበው ነው። ለቁርባን 18 ሰዓት ስለሚጾም የቅዳሜ ማታው ኪኒን ይዘለልበታል። በየሳምንቱ የሚቆርብ ከሆነ ይህ ይደጋገማል። መፍትሔው ሰዓቱን ማዛወር ነው። ለምሳሌ በየቀኑ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ከሆነ ቅዳሜ ጾሙ ሳይገባ ይወስዳል፣ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ። ለውጡን ነርሷም ንስሐ አባቱም ይወቁት።

የተረሳ ኪኒን እንደታወሰ ይወሰዳል። በማግስቱ ሁለት አይዋጥም።

ከሌላ ነገር ጋር። የጨጓራ ማስታገሻ፣ የብረት ወይም የካልሲየም እንክብል ዶሉቴግራቪር በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋል። ኪኒኑ ከነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ጾም ላይ ጨጓራ ስለሚነሣ ይህን አስታውሱ።

ጉዞ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ለመውሊድ ጃማ ንጉሥ የሚሄድ ሰው ቀጠሮው ያልፍበታል። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት "መድኃኒትህ ይበቃሃል?" ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድና የተረጋጋ ሰው የ6 ወር በአንዴ መውሰድ ይችላል፤ ኤአርቲ ክፍሉን እንዲጠይቅ ንገሩት። ከሩቅ ለሚመላለስ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በ2014ቱ ጦርነት የደሴና የኮምቦልቻ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ ቤቱ መድኃኒት ያለው ሰው አይጨነቅም። የኤአርቲ ካርዱንም ፎቶ አንስቶ ለሚያምነው ሰው ይስጥ። የትም ከተማ ቢሄድ ሕክምናውን ለመቀጠል ይረዳዋል።

## ደረጃ 8፦ ኮምቦልቻ ላይ ከሆናችሁ

ኮምቦልቻ የሚለየው በሰዓቱ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች በሺፍት ይገባሉ፤ ብዙዎቹ ከገጠር መጥተው አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። እሑድ ጠዋት ጉባኤ ላይ አታገኟቸውም። ቡድኑ ወደ ግቢያቸው ይሂድ፤ ቡና ተፈልቶ በሚጠጣበት ሰዓት፣ የሴቶቹ አባላት ብቻ። መጀመሪያ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤተሰብ ይወራ። ሁለተኛ ሦስተኛ ጊዜ ላይ ጥያቄው ራሱ ይመጣል።

ፖዘቲቭ የሆነች ሠራተኛ ከሥራ እባረራለሁ ብላ ብትፈራ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ እንደሚከለክል ንገሯት። ለአሠሪዋ የመናገር ግዴታ የለባትም። ክፍሉን ከሌሎች ጋር ስለምትጋራ ኪኒኑን ከነብልቃጡ ማስቀመጥ ትፈራለች። ሲንኳኳም ይሰማል። ጥጥ ጨምሮበት ድምፁን ማጥፋት ይቻላል።

የከባድ መኪና ሾፌሮች ጉዳይ ሌላ ነው፤ የሚያርፉት ማታ ነው፣ ወጣቶቻችሁን በሌሊት ወደ ሆቴልና መጠጥ ቤት አትላኩ። ያን ሥራ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ተዉለት።

## ደረጃ 9፦ ድምፃችሁን ወደ ላይ አድርሱ

ዓለም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ኤድስን የሕዝብ ጤና ስጋት ከመሆን ለማውጣት ተስማምቷል። ከግቦቹ አንዱ 95-95-95 ይባላል፦ ቫይረሱ ካለባቸው 95 በመቶው ራሳቸውን እንዲያውቁ፣ ካወቁት 95 በመቶው መድኃኒት ላይ እንዲሆኑ፣ መድኃኒት ላይ ካሉት 95 በመቶው ቫይረሱ እንዲቀንስላቸው። የእናንተ ሽኝት የመጀመሪያውን፣ የኪኒኑ ክትትል ሁለተኛና ሦስተኛውን ያግዛል። በየሦስት ወሩ ቁጥራችሁን፣ ስም ሳይኖርበት፣ ለከተማው ጤና መምሪያ አስገቡ፦ ስንት ተሸኘ፣ ስንት ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ተመለሰ፣ ምን እንቅፋት ገጠመ። ግሎባል ፈንድ (ለኤች አይ ቪ፣ ለቲቢና ለወባ ሥራ ገንዘብ የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ድርጅት) በየአገሩ ባለው አስተባባሪ አካል ውስጥ የሃይማኖት ተቋማት ውክልና አላቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤም አለ። ሀገረ ስብከታችሁ፣ መጅሊሳችሁ ወይም ሲኖዶሳችሁ ስለ ኤች አይ ቪ ስብሰባ ሲጠራ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ብቻ እንዳይላኩ ጠይቁ። ከእናንተ አንዲት ወጣት ትሂድ፤ ቁጥሩን ይዛ ትናገር።

## ቡድኑ ሲዳከም

ከስድስት ወር በኋላ ይዳከማል። አንዱ ያገባል፣ አንዷ ዓረብ አገር ትሄዳለች፣ ሌላው አዲስ አበባ ሥራ ያገኛል። ለዚህ ተዘጋጁ።

- በየስድስት ወሩ ሁለት አዲስ ሰው ጨምሩ፤ ደረጃ 3ን ሳያልፉ ሽኝት አይጀምሩ።
- በወር አንዴ ነርሷ በሌለችበት፣ ሪፖርት በሌለበት ተገናኙ። ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲያቋርጥ ልባቸው ይሰበራል። የሚያወሩበት ቦታ ይኑራቸው። ስም ግን እዚህም አይነሣ።
- ነርሷ ከተዛወረች ከመሄዷ በፊት ተተኪዋን ታስተዋውቃችሁ። በዚያው ሳምንት ሄዳችሁ ተዋወቁ።
- የሚለቅ አባል የሚከታተላቸውን ሰዎች በራሱ ውሳኔ ለሌላ አያስረክብ። አንድ በአንድ ይንገራቸው፦ "ልሄድ ነው። ሌላ ሰው ላስተዋውቅህ ወይስ ከነርሷ ጋር በቀጥታ ትቀጥላለህ?" ምርጫው የባለቤቱ ነው። ከዚያ ስልኩ ላይ ያሉትን ቁጥሮችና መልእክቶች አስተባባሪዋ ፊት ያጥፋ።